የወንድሜ ጠብታ ለእኔ ዓይን ለምን አልሆነም?

ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ አብልጠን የምንሳሳላት ዓይን መሆኗን ለማስረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻም። የምንወደውን ሰው «የዓይኔ ብሌን» ብለን እንጠራዋለን፤ አደራ የተሰጠንን ነገር «እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ» ብለን ቃል እንገባለን። ነገር ግን ይህችው ብሌን በታመመች ጊዜ በምን ያህል ጥንቃቄ እንደምናሳክማት ብንጠያየቅ ብዙዎቻችን የምናፍር ይመስለኛል። ካፈሩትም አንዷ እኔ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ባለፈው ዓመት በቤታችን የደረሰውን ሁለት ነገርና፥ ከዚያ በኋላ ከሐኪም ሰምቼና ከመጻሕፍት አንብቤ የተረዳሁትን ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይኸውም የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚገታ ጠብታ በቆሰለ ብሌን ላይ ሲደረግ ቁስሉን ያድነዋልን ወይስ ያብሰዋል? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ቤታችን በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፥ የእንጦጦ ተራራ መውጣት በሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ከደጃችን ቆሞ ወደ ላይ የተመለከተ ባሕር ዛፉን፥ ወደ ታች የተመለከተ ከተማውን ያያል። ክረምቱ ሲወጣ ጭቃው አቧራ ይሆናል፤ ከኅዳር ጀምሮም ነፋሱና ፀሐዩ ይበረታል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ስትሆን፥ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፥ ለዓይን የማይታየው ነገር ግን ዓይንን የሚያስቆጣው የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይጠነክራል።

ታናሽ ወንድሜ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ በጋ በገባ ቁጥር ዓይኑን ያሳክከዋል። በሁለት ጡጫው ሲያሸው ይውላል፤ ብርሃን ይሸሻል፤ ጠዋት ሲነሣ እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ዓይናር ከዓይኑ ጥግ ይወጣል። የዓይኑም ነጭ እያደር ወደ ቡናማ ተለወጠ። በትምህርት ቤት «ዓይነ ቀይ» እያሉ ስለሚቀልዱበት ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎ መሄድ ለመደ። ሐኪሞች ይህንን ሕመም ቬርናል ይሉታል፤ ትርጓሜው የጸደይ ማለት ነው። በአውሮጳ ጸደይ ሲገባ ስለሚነሣ እንዲህ ተባለ እንጂ፥ በእኛ አገር ፀሐይ፥ አቧራና ነፋስ በበረቱ ጊዜ ሁሉ ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በፊት ይጀምራል፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ልጆችን ያጠቃል፤ ለአካለ መጠን ሲደርሱም ብዙዎቹን ይተዋቸዋል። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም።

እናቴ አንዲት ጎረቤት በነገረቻት መሠረት ከአንድ መድኃኒት ቤት አነስተኛ የጠብታ ብልቃጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዛች። በሁለት ቀን ውስጥ የወንድሜ ዓይን እንደ ወተት ነጣ። ማሳከኩም ተወው። ቤተ ሰቡ ሁሉ ተደሰተ። ብልቃጡ ባለቀ ጊዜ ሌላ ተገዛ፤ እርሱም ሲያልቅ ሌላ። ባዶውን ብልቃጥ ይዤ ለመግዛት የምላከው እኔ ነበርሁ። እንዲህ እያልን ሁለት በጋ አሳለፍን። ያ ጠብታ ዴክሳሜታዞን የተባለ ከስቴሮይድ ወገን የሆነ መድኃኒት መሆኑን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ወንድሜ ቀኝ ዓይኑን መግለጥ አቃተው። እንባው ያለ ማቋረጥ ይወርድ ነበር፤ ብርሃንም ባየ ጊዜ ይጮኽ ነበር። እኔና እናቴ ይዘነው ወደ ዓይን ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ በመጀመሪያ ብርቱካን መልክ ያለው ቀለም በዓይኑ ላይ ነካ አደረጉ፤ ከዚያም ሰማያዊ ብርሃን አበሩበት። በብሌኑ ላይኛው ወገን ላይ ሞላላ ሆኖ እንደ ለምለም ሣር አረንጓዴ የሚያበራ ቦታ ታየ። ቀለሙ ቆዳው በተገፈፈበት ስፍራ ብቻ ስለሚይዝ አረንጓዴው ሁሉ ቁስል ነው። ሐኪሞች መልኩን አይተው የጋሻ ቁስል ይሉታል። የላይኛውን ሽፋሽፍት ገልብጠው ባሳዩንም ጊዜ ውስጡ እንደ ሠፈራችን የኮብልስቶን መንገድ በትልልቅ እባጮች ተነጥፎ አየን። በመጨረሻም የዓይኑን ግፊት ለክተው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ አገኙት። ለረጅም ጊዜ ያለ ሐኪም ክትትል የተደረገው ጠብታ ያመጣው ነገር ይህ ነበር። ግፊቱ ሳይታወቅ ቢቆይ ኖሮ ከዓይን በስተኋላ ያለውን የማየት ነርቭ እየጎዳ ብርሃኑን ሊሰርቀው ይችል ነበር። «ዓይኗን እንኳላታለን ብለው አጠፏት» የሚባለው በእኛ ቤት ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው።

ሐኪሙ የጀርም መከላከያ ጠብታና ግፊቱን የሚያወርድ ጠብታ ሰጡት። የስቴሮይዱንም ጠብታ ለጥቂት ቀናት ብቻ፥ በልክ፥ እርሳቸው ራሳቸው እየተመለከቱት እንዲወስድ አዘዙ። ከዚያ በኋላ ለወራት የሚቆይበት ሳይክሎስፖሪን የተባለ ሌላ ጠብታ ጻፉለት። መድኃኒቱን ለማግኘት ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ስንዞር ዋልን። በተገኘ ጊዜ ከውስጡ የወጣውን ወረቀት ለእናቴ እያነበብሁ ስተረጉምላት «የሰውነትን የመከላከያ ኃይል ይገታል» ከሚለው ላይ ደረስሁ። እናቴ ደነገጠች። በሚቀጥለው ቀጠሮም ሐኪሙን እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው፤ «ዶክተር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ልጄ ቆስሎ ሳለ ዘበኛውን አሰናብቺ ይሉኛል?»

ሐኪሙም አልተቈጡም። «እሜቴ፥ ቤቱን የሚያፈርሰው ዘበኛው ራሱ ቢሆንስ?» ብለው መለሱላት።

ይህ አንድ መልስ ብዙ እንዳነብ አደረገኝ። ያነበብሁትንም እንደሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በተለምዶ ብሌን የምንላት፥ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሏት፥ እንደ ሰዓት መስታወት ጎበጥ ብላ ከዓይን ፊት የተቀመጠች ጥርት ያለች መስኮት ናት። ወርዷ ከ11 እስከ 12 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ውፍረቷም በመካከሏ ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ደም ሥር የላትም፤ ቢኖራት ኖሮ ዓለምን በቀይ መረብ ውስጥ ባየን ነበር። ስለዚህ ኦክሲጅንን በእንባ በኩል ከውጭው አየር፥ ምግቧን ደግሞ አብዛኛውን ከበስተኋላዋ ካለው ጥሩ ውሃ ትቀበላለች። የነርቭ ጫፎች ግን እጅግ በዝተውባታል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ስትገባ ዓለም የሚጨልምብን ስለዚህ ነው።

ይህችን መስኮት ከላይ የሚሸፍናት ስስ ቆዳ አለ። ከ5 እስከ 7 በሚደርስ የሕዋስ ድርብ የተነጠፈ ሲሆን፥ ውፍረቱ በጠቅላላው የአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ ያህል ነው። ይህን ያህል ስስ ይሁን እንጂ ጀርምን ከልክሎ የሚያስቀር እርሱ ነው። ዘወትርም ይታደሳል። የላይኞቹ ሕዋሳት ዓይን በተርገበገበ ቁጥር እየረገፉ ከእንባ ጋር ይሄዳሉ፤ የሥረኞቹ እየተከፈሉ በእነርሱ ቦታ ይተካሉ። ከ7 እስከ 10 በሚሆኑ ቀናት ውስጥ ቆዳው በሙሉ አዲስ ይሆናል።

የሥረኞቹ ሕዋሳትስ ከወዴት ይመጣሉ? በ1971 ዳቫንገርና ኤቨንሰን የተባሉ የኖርዌይ ሊቃውንት የብሌን ቆዳ ምንጩ የዓይን ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ዳርቻ ላይ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከእነርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎችም በዚያ ክብ ዳርቻ ላይ የማያልቁ ግንደ ሕዋሳት መኖራቸውን አረጋገጡ። ልጆቻቸው ከዳርቻው ተነሥተው ቀስ እያሉ ወደ መካከል ይጓዛሉ። በ1983 ደግሞ ሪቻርድ ቶፍትና ጁዲት ፍሬንድ የተባሉ አሜሪካውያን ነገሩን በአንድ አጭር ቀመር ገለጡት። ሒሳብ የምትወዱ ጓደኞቼ ትደሰቱበታላችሁ፤ እኔም በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤

ሀ + ለ = ሐ

«ሀ» ከሥር ተከፍለው የሚወለዱት ሕዋሳት ናቸው። «ለ» ከዳርቻ ወደ መካከል የሚመጡት ናቸው። «ሐ» ከላይ እየረገፉ የሚጠፉት ናቸው። የሚመጣውና የሚሄደው እኩል ሲሆን ብሌን ጤነኛ ናት። «ሐ» ከበለጠ፥ ወይም «ሀ» አለዚያም «ለ» ከጎደለ ቁስል ይከፈታል፤ የተከፈተውም አይዘጋም።

እንግዲህ ቁስል በተከፈተ ጊዜ ምን ይሆናል? በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በዳሩ ያሉት ሕዋሳት ለጉዞ ይሰናዳሉ። ከዚያም ጠፍጠፍ ብለው፥ እርስ በርስ ሳይላቀቁ፥ ወደ ባዶው ቦታ ይንሸራተታሉ። በድግስ ቤት አንድ ሰው ሲነሣ የቀሩት «ጠጋ በሉ» ተባብለው መደቡን እንደሚሞሉት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ የቀሩት ሕዋሳት እየተከፈሉ ቁጥሩን ይሞላሉ፤ ድርቡም ይወፍራል። በጤነኛ ዓይን ላይ የደረሰ ትንሽ ጭረት በዚህ ሁኔታ ከአንድ እስከ ሦስት ባሉት ቀናት ውስጥ ይዘጋል። ነገር ግን ተዘጋ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። አዲሱ ቆዳ ከሥሩ ካለው ወለል ጋር ተቸንክሮ እስኪይዝ ድረስ፥ ወለሉም አብሮ የተጎዳ እንደ ሆነ፥ ሳምንታት ያስፈልጉታል። በዚያ ጊዜ ዓይኑን የሚያሽ ሰው ገና ያልደረቀ ምርጊት እንደሚያሽ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ቁስሉን የሚዘጉት ግንበኞች ጎረቤት ሕዋሳት ናቸው እንጂ ነጭ የደም ሕዋሳት አይደሉም። ነጮቹ ዘበኞች ናቸው። ጀርም እንዳይገባ ይጠብቃሉ፤ የሞተውንም ይጠርጋሉ። ሥራቸው አስፈላጊ ነው፤ ይሁን እንጂ ከግንበኛው ሥራ ይለያል። ስለዚህ ዘበኛውን የሚገታ መድኃኒት ሁሉ ግንበኛውን ይገታል ማለት አይቻልም።

በወንድሜ ዓይን የሆነው ዘበኞቹ ያለ ጠላት መነሣታቸው ነው። አቧራና የአበባ ብናኝ እንደ ወራሪ ጦር ተቆጠሩ። ቲ ሕዋስ የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ የጦር አዋጅ ይነግራል፤ አዋጁን ሰምተው ኤኦሲኖፊል የሚባሉት ሌሎች ዘበኞች በብዛት ይመጣሉ። እነዚህ ደግሞ የአንጀት ትል የመሰለ ትልቅ ጠላት ለመግደል የተሰናዳ መርዝ የያዙ ናቸው። ጠላቱን ሲያጡ መርዙን በብሌን ቆዳ ላይ ያፈሱታል። መርዙ የቆዳውን ሕዋሳት ይገድላል፤ በሕይወት የቀሩትም ወደ ቁስሉ እንዳይንሸራተቱ ያግዳቸዋል። በዚያ ላይ የሽፋሽፍቱ እባጮች ይፈትጉታል፤ የልጁም ጡጫ ይጨምርበታል። በቀመራችን ቋንቋ «ሐ» እጅግ በዛ፤ «ሀ» እና «ለ» ሊደርሱበት አልቻሉም። ሕመሙ በዳርቻው ላይ ብዙ ዓመት ከቆየ ደግሞ ግንደ ሕዋሳቱ ራሳቸው ሊጎዱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የ«ለ» ምንጭ ይደርቃል።

ሳይክሎስፖሪን የሚሠራው ከአዋጁ ላይ ነው። ቲ ሕዋስ አዋጅ ለመንገር ሲነሣ በውስጡ ካልሲኒዩሪን የሚባል አንድ በር ከፋች አለ። ይህ በር ከፋች መልእክተኛውን ወደ ሕዋሱ እምብርት ያስገባዋል፤ መልእክተኛውም ገብቶ ነጋሪቱን ይመታል። ሳይክሎስፖሪን የበር ከፋቹን እጅ ይይዛል። መልእክተኛው ከደጅ ይቀራል፤ ነጋሪቱ አይመታም፤ ሠራዊቱም አይከተትም። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ ቁስሉን በእጁ አይዘጋውም። መርዙን የሚያፈሰውን ሠራዊት በማስቀረት ግንበኞቹ በሰላም እንዲሠሩ ያደርጋል። ለእናቴ የተሰጠው መልስ ምሥጢሩ ይህ ነው።

የዚህ መድኃኒት ታሪክም የሚያስደንቅ ነው። በ1969 በስዊስ አገር የሳንዶዝ የመድኃኒት ኩባንያ አንድ ሠራተኛ ለዕረፍት ወደ ኖርዌይ ሄዶ፥ ሃርዳንገርቪዳ ከሚባለው ቀዝቃዛ አምባ ላይ ጥቂት አፈር ይዞ ተመለሰ። በአፈሩ ውስጥ ከተገኘው ሻጋታ ሳይክሎስፖሪን ወጣ። በ1972 መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ እንደሚገታ በባዝል ከተማ ታወቀ። በ1978 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሮይ ካልን የተባሉ ቀዶ ሐኪም ኩላሊት ለተተካላቸው ሰዎች ሰጡት። በጠብታ መልክ ደግሞ በ2002 በአሜሪካ ለዓይን ድርቀት ተፈቀደ፤ በ2018 በአውሮጳ ለወንድሜ ዓይነት ሕመም ተፈቀደ። ታክሮሊመስ የሚባለው ታናሽ ወንድሙም በ1984 በጃፓን አገር ከጹኩባ አፈር ከተገኘ ረቂቅ ተሕዋስ የወጣ ነው፤ የሚይዘውም ያንኑ የበር ከፋች እጅ ነው። የአንዱ አገር አቧራ ያስቆጣውን ዓይን የሌላው አገር አፈር አበረደለት ማለት ይቻላል።

የመከላከያ ኃይልን የሚገቱ ጠብታዎች ሁሉ ግን አንድ አይደሉም። በሦስት ብንከፍላቸው ነገሩ ይገለጣል።

አንደኛዎቹ ስቴሮይዶች ናቸው። እነዚህ ብዙውን የቁጣ ሥራ በአንድ ጊዜ ያጠፋሉ፤ ስለዚህ ፈጥነው ያስደስታሉ። ነገር ግን በብርቱ መጠንና ለብዙ ጊዜ ሲወሰዱ ከቆዳው በታች ያለውን የብሌን ሥጋ ጥገና ያዘገያሉ፤ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ የዓይን ሞራም ያመጣሉ። ቫይረስ ወይም ሻጋታ ባለበት ዓይን ላይ ከተደረጉ ለጠላት በር ይከፍታሉ። በሐኪም እጅ ሲሆኑ ግን የብዙ ሰው ዓይን አድነዋል።

ሁለተኛዎቹ ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ ናቸው። በአዋጁ ላይ እንጂ በግንበኛው ላይ ስለማይነሡ፥ በተገቢው መጠን የቆዳውን መዘጋት እንደ ስቴሮይድ አያስቸግሩም፤ የዓይንን ግፊትም ከፍ አያደርጉም። ሆኖም ነቀፋ የለባቸውም አይባልም። ሳይክሎስፖሪን በውሃ ስለማይሟሟ ብዙ ጊዜ በዘይት ይዘጋጃል፤ ሲንጠባጠብም ያቃጥላል። ወንድሜ በመጀመሪያው ሳምንት ብልቃጡን ባየ ቁጥር ከአልጋ ሥር ይገባ ነበር። ሥራውንም የሚያሳየው ቀስ ብሎ ነው። በአንዳንድ ጠብታዎች ውስጥ እንዳይበላሹ የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም የሚባለው ነገር ደግሞ እርሱ ራሱ የብሌንን ቆዳ ሊጎዳ ይችላል።

ሦስተኛዎቹ እንደ ማይቶማይሲን ያሉ የሕዋስ መከፈልን የሚያቆሙ ናቸው። ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ጊዜ ጠባሳ እንዳይበዛ በጥንቃቄ ይጠቀሙባቸዋል። እነዚህ በቀጥታ «ሀ»ን ስለሚቀንሱ የግንበኛውን እጅ ራሱን ይይዛሉ፤ ቁስልንም ያዘገያሉ። እንግዲህ «መከላከያ ይገታል» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያየ ሥራ ይዞ እናገኘዋለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልመለስ። በሚያዝያ ወር፥ የትንሣኤ ዕረፍት ላይ፥ አያቴን ለመርዳት ወደ እንጦጦ ወገብ ወደሚገኘው ግቢዋ ወጣሁ። ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ስንሰበስብ፥ የያዝሁት ቅርንጫፍ አመለጠኝና ተመልሶ ግራ ዓይኔን መታኝ። እስከ ማታ አልቅሼ አላባራሁም። ያን ዕለት ወንድሜም አብሮን መጥቶ ስለ ነበር ጠብታው በቦርሳው ውስጥ ነበረ። አያቴ ስቃዬን አይታ፥ «የኔ ልጅ፥ የወንድምሽን ጠብታ አድርጊበት። እርሱን ያዳነ አንቺን ምን ያቅተዋል? ያው ዓይን አይደል?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር። ብልቃጡን አነሣሁ፤ ክዳኑንም ከፈትሁ። ሕመሙ ጸንቶብኝ ስለ ነበር የተማርሁት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር። እጄን የያዘው የእናቴ ጥያቄ ነው። የወንድሜን ዓይን ያቆሰለው ዘበኛው ነው፤ የእኔን ያቆሰለው ግን እንጨት ነው። በእኔ ዓይን ዘበኛው ጥፋት የለበትም፤ እንዲያውም የሚያስፈልገኝ አሁን ነው። ክዳኑን መልሼ ገጠምሁ።

በማግስቱ ጠዋት ያው ብርቱካን ቀለም በእኔ ዓይን ላይ ተደረገ። እንደ ክር የቀጠነች አንዲት አረንጓዴ መስመር ታየች። ሐኪሙ ከሥሯ የቀረ ስንጥር አለመኖሩን መረመሩና የጀርም መከላከያ ጠብታ ሰጥተውኝ በሁለተኛው ቀን ተመለሺ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን መስመሯ ጠፋች። ስለ ወንድሜ ጠብታ በነገርኋቸው ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ቅጠልና እንጨት የሻጋታ ዘር ይዘው ወደ ዓይን ይገባሉ፤ የሻጋታ ቁስል ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግና ለማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። እንዲህ ባለ ቁስል ላይ ዘበኛን የሚገታ ጠብታ፥ ይልቁንም ስቴሮይድ፥ ማድረግ ቤቱን ከፍቶ ቁልፉን ለሌባ መስጠት ነው ሲሉ አስረዱኝ።

ይህ ነገር በአገራችን ከቤታችን አልፎ ብዙ ሰው የሚመለከት ነው። ለምሳሌ ትራኮማን እንውሰድ። በዚህ በሽታ ከሚጠቁት የዓለም አገሮች ኢትዮጵያ በግንባር ቀደም የምትገኝ ስትሆን፥ ከክልሎቻችንም የአማራ ክልል እጅግ የተጎዳ ነው። በትራኮማ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ፀጉሩ ቀን ከሌሊት ብሌንን ይፈትጋል። እዚያም ቁስል አለ፤ በቀለም ቢታይ እንደ ወንድሜ ቁስል አረንጓዴ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ፀጉር ስለሆነ የሚያድነው የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና፥ አዚትሮማይሲን የተባለው የጀርም መድኃኒት፥ ፊትን መታጠብና የአካባቢ ንጽሕና ነው። ሳይክሎስፖሪን በርሜል ሙሉ ቢንጠባጠብ ፀጉሩን አያቃናውም።

በሌላ ወገን ደግሞ ዘበኛን መግታት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብሌኑ በጠባሳ የጠፋበት ሰው የሌላ ሰው ብሌን ሊተከልለት ይችላል። ኤድዋርድ ዚርም የተባሉ ሐኪም በ1905 ኦሎሙትዝ በሚባል ከተማ ይህን በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ፈጸሙ። በአገራችንም የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በ2003 ተቋቁሟል፤ በክፍለ ከተማችን የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም የዓይን ሕክምና የሚሰጥበትና የዓይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ስፍራ ነው። የተተከለውን ብሌን ዘበኞቹ እንደ እንግዳ ቆጥረው እንዳያባርሩት ጠብታው በሐኪም ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ ይሰጣል። የአንድ ሟች ስጦታ በአንድ ሕያው ዓይን ውስጥ ብሩህ ሆኖ የሚቆየው በዚህ ጥንቃቄ ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ጠብታው የሚያድነው ወይም የሚያጠፋው ቁስሉ ከምን እንደ መጣ ታውቆ ነው። አራት ዓይኖች በአንድ ዓይነት ቀለም ቢያበሩም አንዱን ዘበኛው፥ አንዱን እንጨት፥ አንዱን ፀጉር፥ አንዱን ሻጋታ አቁስሎት ሊሆን ይችላል። ቁስሉን ማየት ለማንም ይቻላል፤ ምክንያቱን ማየት ግን መሣሪያና ትምህርት ይጠይቃል።

ስለዚህ ለጓደኞቼና ለወላጆች የሚከተለውን በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ለአንዱ የታዘዘ የዓይን ጠብታ ለሌላው አይደረግ። ሁለተኛ፥ ቀይ ዓይንን በፍጥነት የሚያነጣ ጠብታ ያለ ሐኪም ደጋግሞ አይገዛ፤ ፈጥኖ ማማሩ አያታልለን። ሦስተኛ፥ ዓይኑን በየበጋው የሚያሳክከው ልጅ ቢኖር እጁን ከዓይኑ ማራቅ፥ በቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅ ማሳረፍ፥ ባርኔጣ ማልበስና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። አራተኛ፥ ቅጠል ወይም እንጨት የመታው ዓይን ታሽቶ አይታለፍ፤ ሳይውል ሳያድር ይታይ። አምስተኛውን ለእኛ ለተማሪዎች ብቻ እናገራለሁ፤ ዓይነ ቀይ በሆነ ልጅ ላይ መሳቅ ይቅርብን። ወንድሜ ያን ፈጣን ጠብታ አብዝቶ የወደደው ከማሳከኩ ይልቅ ከሳቁ ለመዳን ነበር።

የወንድሜ የጋሻ ቁስል ከሦስት ሳምንት በኋላ ተዘጋ። በብሌኑ ላይኛ ዳር ላይ እንደ ጭጋግ የሳሳ ጠባሳ ቀርቷል፤ ማየቱን ግን አልከለከለውም። የዓይኑ ግፊት ወርዷል፤ ይሁን እንጂ እስካሁን በቀጠሮ ይለካል። ጠብታውን ዛሬም ይወስዳል። ከብልቃጡ ላይ ስሙን በወፍራም ብዕር የጻፍሁበት እኔ ነኝ፤ አያቴም ማንበብ ባትችልም ምን ተብሎ እንደ ተጻፈ ጠይቃኝ፥ «የእርሱ ብቻ ነው» ብዬ ነግሬያታለሁ። ይህ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ የመጀመሪያው አንባቢዬ እርሱ እንደሚሆን ቃል ገብቶልኛል።